ማስታወሻው ከሶፍትዌሩ በኋላ፦ ለሊኑክስ ኮምፒዩተር የማስታወሻ መያዣ እንዴት ይመረጣል?

ሊኑክስን በኮምፒዩተራቸው ላይ የጫኑ ተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የትምህርት ማስታወሻዬን በየትኛው ሶፍትዌር ልያዝ?» የሚል ነው። የተለመደው መልስ የሶፍትዌሮቹን ችሎታ መዘርዘር ነው። አንዱ ጽሑፍን በቀለም ያደምቃል፤ ሌላው ሥዕል ይቀበላል፤ ሌላው ደግሞ ከእጅ ስልክ ጋር ይናበባል። ይህ ሁሉ ጠቃሚ ቢሆንም ከሁሉ ቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ሶፍትዌር አንድ ቀን መሥራቱን ቢያቆም በዲስኬ ላይ ምን ትቶልኝ ይሄዳል?

ጥያቄው የተጋነነ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በ11ኛ ክፍል ማስታወሻውን በኮምፒዩተር መያዝ የጀመረ ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን እስኪያገኝ ድረስ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ይጽፋል። በሁለተኛ ዓመት የጻፈው የሊኒየር አልጀብራ ማስታወሻ በአራተኛው ዓመት ኳንተም ሜካኒክስ ሲማር እንደገና ይፈለጋል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ኮምፒዩተሩ ይለወጣል፤ የተጫነው የሊኑክስ ዕትም ሁለት ሦስት ጊዜ ይታደሳል፤ ሶፍትዌሩን የሚያዘጋጁት ሰዎችም ሥራ ሊለውጡ፣ ሊሰለቹ ወይም ኩባንያቸውን ሊሸጡ ይችላሉ። በዚህ ጽሑፍ ምርጫውን የምናየው ከዚሁ የዕድሜ ጉዳይ አንጻር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይበል።

ከራሳችን ፊደል የምንማረው

ጽሑፍ ሳይጠፋ ሊጠፋ እንደሚችል ለአማርኛ ጸሐፊ ማስረዳት አያስቸግርም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ዓመታት አማርኛ በኮምፒዩተር ይጻፍ የነበረው እያንዳንዱ አዘጋጅ በራሱ መንገድ በቀረጻቸው ፎንቶች ነበር። እነዚህ ፎንቶች አንድን ምልክት በአንድ ባይት ይወክሉ ነበር። አንድ ባይት ደግሞ 256 የተለያዩ እሴቶችን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከእነዚህም እኩሌታው ለላቲን ፊደላት፣ ለቁጥሮችና ለመቆጣጠሪያ ምልክቶች የተሰጠ ነው። በአንጻሩ 33ቱ የአማርኛ ሆሄያት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ 20ዎቹ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉ ቁጥሩ ከ256 ያልፋል። ስለዚህ የፎንት አዘጋጆች ፊደሉን ለሁለትና ከዚያም በላይ ለሆኑ የፎንት ፋይሎች አከፋፈሉት፤ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይም የአማርኛውን ቅርጽ ሣሉበት።

ውጤቱን የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በመሳሰሉት በአንዱ የተጻፈ ሰነድ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይታይ ነበር። ባይቶቹ አንድም ሳይጎድሉ በዲስኩ ላይ አሉ፤ ባይቱን ወደ ፊደል የሚፈታው ስምምነት ግን በአንድ ፎንት ውስጥ ብቻ ተቀብሯል።

ለዚህ መፍትሔ የሆነው ዩኒኮድ ነው። በ1999 የወጣው 3.0 ዕትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል ከ4608 እስከ 4991 ያለውን የቁጥር መደብ ሰጠ። በዚህም መሠረት «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609፣ «ለ» ደግሞ 4616 ሆኑ። ቁጥሩ በፋይል ላይ የሚሰፍርበት በጣም የተለመደው መንገድ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 የነደፉት ዩቲኤፍ-8 ሲሆን፣ በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ «ሀ» 225፣ 136 እና 128 ተብሎ ይጻፋል። ይህ ስምምነት የማንም ሶፍትዌር ምስጢር አይደለም። በይፋ የታተመ ስለሆነ ማንም ፕሮግራም ጸሐፊ ሊፈታው ይችላል።

የፊደሉ ጉዳይ በዚህ ተፈታ። ከፊደል ከፍ ብሎ የሚገኘው ደረጃ ግን፣ ማለትም ርዕሱ የቱ ነው፣ የደመቀው ቃል የቱ ነው፣ ይህ ገጽ ከየትኛው ገጽ ጋር ይያያዛል የሚለው፣ ዛሬም በየሶፍትዌሩ ፈቃድ ይወሰናል። የማስታወሻ መያዣ ምርጫም በመሠረቱ የዚህ ስምምነት ምርጫ ነው።

የቶምቦይ ዕጣ

ለዚህ ከሊኑክስ ዓለም የተሻለ ምሳሌ የሚሆን አናገኝም። ቶምቦይ አሌክስ ግሬቭሊ በ2004 የጀመረው አነስተኛ የማስታወሻ ሶፍትዌር ነው። ልዩ ባሕርይው ማስታወሻዎችን እርስ በርስ ማያያዙ ነበር። አንድ ተማሪ «ኢንትሮፒ» የሚል ርዕስ ያለው ማስታወሻ ካለው፣ በሌላ ማስታወሻ ላይ ይህን ቃል በጻፈ ቁጥር ቃሉ በራሱ ወደ መጀመሪያው ማስታወሻ የሚወስድ ማያያዣ ይሆንለታል። ሶፍትዌሩ ተወዳጅ ሆነ፤ በ2006ም ግኖም በተባለው የዴስክቶፕ ሥርዓት 2.16 ዕትም ውስጥ ተካተተ።

ይሁን እንጂ ቶምቦይ የተጻፈው ሲ ሻርፕ በተባለው የማይክሮሶፍት ቋንቋ ሲሆን፣ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ሞኖ በተሰኘ መደላድል አማካይነት ነበር። ከፓተንት መብት ጋር የተያያዘ ሥጋት ያደረባቸው ወገኖች ተቃወሙ። ለአንድ ትንሽ ማስታወሻ ሲባል ሙሉ ሞኖን መጫን አይገባም የሚሉም ነበሩ። በ2009 ሁበርት ፊጊየር የቶምቦይን አሠራር በሲ ፕላስ ፕላስ እንደገና ጽፎ ግኖት የተባለውን ሶፍትዌር አወጣ፤ በዚያው ዓመት ፌዶራ 12 ቶምቦይን በግኖት ተካ። ኡቡንቱም በ2012 ከወጣው 12.04 ዕትሙ ጀምሮ ቶምቦይን አብሮ መጫን ተወ።

በዚህ ሁሉ መካከል የተጠቃሚዎቹ ማስታወሻዎች ምን ሆኑ? ምንም አልሆኑም። ቶምቦይ እያንዳንዱን ማስታወሻ ለብቻው በአንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ያስቀምጥ ነበር። ኤክስኤምኤል በጽሑፍ መካከል ግልጽ አመልካቾችን እያስገባ «ርዕሱ ይህ ነው፣ ማያያዣው ይህ ነው» የሚል ሥርዓት ነው። ግኖት ይህንኑ ቅርጽ ስለተቀበለ የቶምቦይን ማስታወሻዎች ማንበብ ቻለ። ግኖት ባይኖር እንኳ ፋይሎቹን በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል፤ አመልካቾቹ ዓይን ቢያስቸግሩም ጽሑፉ በመካከላቸው በግልጽ ይታያል።

በኩባንያ አገልጋይ ላይ የሚቀመጥ ማስታወሻ

ከቶምቦይ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ማስታወሻን በበይነ መረብ በኩል በኩባንያ አገልጋይ ላይ የማስቀመጥ አሠራር ነው። ጉግል በ2006 የጀመረው ጉግል ኖትቡክ በ2009 ማደጉን አቆመ፤ በ2012 ተዘጋ። ማስታወሻዎቹ ወደ ጉግል ዶክስ ተዛውረዋል፤ አገልግሎቱ ግን ስድስት ዓመት ብቻ ኖረ። ይህ አንድ ተማሪ ከ11ኛ ክፍል እስከ ዲግሪ ከሚያሳልፈው ጊዜ አይበልጥም።

ይህ የሚደርሰው ምንጫቸው ዝግ በሆኑ ሶፍትዌሮች ላይ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር የኡቡንቱ ዋንን ጉዳይ ይመልከት። የኡቡንቱ አዘጋጅ የሆነው ካኖኒካል ያቀረበው ይህ አገልግሎት የቶምቦይን ማስታወሻ ጭምር በኮምፒዩተሮች መካከል ያናብብ ነበር። የፋይል አገልግሎቱ ግን በሰኔ 2014 ተቋረጠ። በዴስክቶፑ ላይ ያለው ሶፍትዌር ምንጩ ክፍት መሆኑ ከጀርባው ላለው አገልጋይ ዕድሜ ዋስትና አይሆንም። በኡቡንቱ ዋን ይጠቀም የነበረ ሰው የዳነው በዲስኩ ላይ የቀሩለት የቶምቦይ ፋይሎች ስላሉት ነው።

ኤቨርኖት ደግሞ ሌላ ዓይነት ትምህርት ይሰጣል። አገልግሎቱ አልተዘጋም፤ ነገር ግን በታኅሣሥ 2023 በነፃ የሚጠቀሙ ሰዎች ሊይዙት የሚችሉትን መጠን 50 ማስታወሻና አንድ ደብተር ብቻ አደረገው። ከዚያ በላይ የነበራቸው ሰዎች የቀድሞውን ማየትና ማውጣት አልተከለከሉም፤ አዲስ መጨመር ግን አልቻሉም። ለአንድ ኮርስ ብቻ ከ50 በላይ ማስታወሻ የሚጽፍ ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በጽሑፍ ፋይል መያዝ

ታዲያ የተሻለው አቀማመጥ የትኛው ነው? በእኛ አስተያየት ለአብዛኛው ተማሪ የሚበጀው እያንዳንዱን ማስታወሻ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ በፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በዚህ መንገድ ከሚሠሩት መካከል ቀዳሚው ዚም ነው። ያፕ ካርሰንበርግ በ2005 የጀመረው ይህ ሶፍትዌር በመጀመሪያ በፐርል ተጽፎ ኋላ በፓይተን እንደገና ተሠርቷል። በዚም አንድ ደብተር ማለት አንድ ፎልደር ማለት ነው። «ፊዚክስ» የሚል ገጽ ሥር «ሙቀት» የሚል ገጽ ሲከፈት፣ በዲስኩ ላይም «ፊዚክስ» በተባለ ፎልደር ውስጥ «ሙቀት» የተባለ የጽሑፍ ፋይል ይፈጠራል። ርዕስ በእኩል ምልክቶች መካከል፣ የደመቀ ቃል በኮከብ ምልክቶች መካከል ይጻፋል። ዚም ነገ ከዓለም ቢጠፋ እንኳ ፎልደሩን የከፈተ ሰው የትምህርቱን አከፋፈል ጭምር ያገኘዋል።

ጆን ግሩበር በ2004 ያወጣው ማርክዳውን በዚሁ መንፈስ የተነደፈ የአጻጻፍ ሥርዓት ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ የማስታወሻ ሶፍትዌሮች ይጠቀሙበታል። ከእርሱ በፊት በ2003 የአምስተርዳሙ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ካርስተን ዶሚኒክ ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ የሚሠራውን ኦርግ ሞድን ጀመረ። የሚገርመው ይህ ሰው መሣሪያውን የሠራው የራሱን ማስታወሻና የሥራ ዝርዝር ለማደራጀት ነበር። ኦርግ ሞድ እጅግ ኃይለኛ ነው፤ ሠንጠረዥ ያሰላል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ጽሑፉን ወደ ላቴክ ይለውጣል። ሆኖም ኢማክስን መልመድ ራሱን የቻለ ኮርስ ስለሆነ ፈተና በደረሰበት ሰሞን የሚጀመር አይደለም።

በዚህ ስፍራ አንድ አከራካሪ ሶፍትዌር መጠቀስ አለበት። በ2020 የወጣው ኦብሲዲያን ምንጩ ዝግ ነው፤ የሚጽፋቸው ፋይሎች ግን ተራ የማርክዳውን ጽሑፎች ናቸው። የክፍት ምንጭ ደጋፊ የሆነ ሰው ይህን ሶፍትዌር ባይጭን አንፈርድበትም። ነገር ግን ለማስታወሻው ዕድሜ ሲባል ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆን፣ ፋይሉ ግልጽ የሆነ ዝግ ሶፍትዌር ፋይሉ ከማይነበብ ክፍት ሶፍትዌር ይሻላል የሚል አቋም አለን። ደግነቱ በሊኑክስ ላይ ሁለቱም ክፍት የሆኑ ሶፍትዌሮች ስላሉ ወደዚህ ክርክር የምንገባበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

የጽሑፍ ፋይል የሚይዘው ቦታ ምን ያህል ነው? ባለ 200 ገጽ ደብተር እንውሰድ። በአንድ ገጽ 1500 ፊደላት ቢጻፉ ጠቅላላው 300,000 ፊደል ይሆናል፤ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ሲይዝ 900,000 ባይት፣ ማለትም አንድ ሜጋባይት የማይሞላ ነው። በቀድሞው ዘመን 1,474,560 ባይት ይይዝ የነበረው ፍሎፒ ዲስክ ሙሉውን ደብተር ይዞ ቦታ ይተርፈው ነበር። ስለዚህ የማስታወሻውን ሦስት አራት ቅጂ በተለያዩ ፍላሽ ዲስኮች ላይ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም።

ለአማርኛ ጸሐፊ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሊኑክስ ላይ በብዛት የሚሠራበት ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት እንዲበልጥ አይፈቅድም። በላቲን ፊደል ይህ 255 ፊደል ነው፤ በአማርኛ ግን ለሦስት ሲካፈል 85 ፊደል ብቻ ይሆናል፤ የፋይሉ ቅጥያ ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የማስታወሻውን ርዕስ እንዳለ የፋይል ስም የሚያደርግ ሶፍትዌር «የሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ታሪካዊ አመጣጥ…» እያለ የሚቀጥል ርዕስ ሲሰጠው አላስቀምጥም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ርዕስን ማሳጠር ነው።

በመረጃ ቋት መያዝ

ሌላው አቀማመጥ ማስታወሻዎቹን ሁሉ በአንድ የመረጃ ቋት ፋይል ውስጥ ማከማቸት ነው። ሎራን ኮዚክ የጀመረው ጆፕሊን እና የጁሴፔ ፔኖኔ ሥራ የሆነው ቼሪትሪ ከዚህ ወገን ይመደባሉ፤ ቼሪትሪ ከመረጃ ቋቱ ሌላ በኤክስኤምኤል ፋይልም ማስቀመጥ ይችላል። ሁለቱም የሚጠቀሙት ሪቻርድ ሂፕ በ2000 ያወጣውን ኤስኪውኤላይት ነው።

የመረጃ ቋት ሲባል ከጽሑፍ ፋይል ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ይመስላል፤ በተለይ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ። በመሠረቱ ግን ኤስኪውኤላይት ለዚህ የታሰበበት ነው። በተለመደው አሠራሩ አንድን የፋይሉን ክፍል ከመለወጡ በፊት የቀድሞውን ይዘት በሌላ የመዝገብ ፋይል ላይ ይገለብጣል። ለውጡ በትክክል ሲጠናቀቅ መዝገቡን ያጠፋዋል። በመካከሉ ኃይል ቢቋረጥ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ያልጠፋ መዝገብ ስለሚያገኝ ሥራው እንዳልተጠናቀቀ ያውቃል፤ የቀድሞውንም ይዘት ወደ ቦታው ይመልሳል። የፋይሉ ቅርጽ በይፋ የታተመ ሲሆን፣ የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለመረጃ ስብስቦች ማቆያ ከሚመክራቸው ቅርጾች አንዱ አድርጎታል። አዘጋጆቹም እስከ 2050 ድረስ ድጋፍ ለመስጠት ማቀዳቸውን አስታውቀዋል።

እውነተኛው ድካሙ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ተማሪ የመረጃ ቋቱን ፋይል በፍላሽ ይዞ በቤተ ሙከራው ኮምፒዩተር ላይ አንድ ማስታወሻ ቢጽፍ፣ በዚያው ቀን ደግሞ በመኝታ ክፍሉ ኮምፒዩተር ላይ ሌላ ቢጽፍ፣ ሁለት የተለያዩ ሙሉ ቋቶች ይኖሩታል። አንዱን በሌላው ላይ ሲገለብጥ አንደኛው ጽሑፍ ይጠፋል። በተናጠል የጽሑፍ ፋይሎች ግን ግጭት የሚፈጠረው ያው አንድ ፋይል በሁለቱም ቦታ ከተለወጠ ብቻ ነው። ስለዚህ ጆፕሊንን የሚጠቀም ሰው ፋይሉን በእጁ ከመገልበጥ ይልቅ ሶፍትዌሩ ራሱ የሚሰጠውን የማናበቢያ መንገድ ይጠቀም፤ በየወሩም ማስታወሻዎቹን ወደ ማርክዳውን ፎልደር የሚያወጣውን ትእዛዝ ያሠራ። ጆፕሊን ከኤቨርኖት የወጡ ፋይሎችን ማስገባት ስለሚችል ከዚያ ለሚሰደዱ ሰዎች ጥሩ መጠጊያ ነው።

ስለ ጆፕሊንና ስለ ኦብሲዲያን ሌላ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ሁለቱም ኤሌክትሮን በተባለ መደላድል ላይ መሠራታቸው ነው። ኤሌክትሮን ማለት ሶፍትዌሩ ሙሉ የድር ማሰሻ ተሸክሞ ይመጣል ማለት ነው። ለማውረድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይጠይቃሉ፤ ሲሠሩም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ማስታወሻ ቦታ ይይዛሉ። 2 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ዚምና ግኖት በዚህ ረገድ ቀላል ናቸው።

በአማርኛ ማስታወሻ ውስጥ መፈለግ

የሶፍትዌር ግምገማዎች ፈጽሞ የማይነኩት፣ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚከብደው የፍለጋ ጉዳይ ነው። ሺህ ማስታወሻ ይዞ የሚፈልገውን ማግኘት የማይችል ሰው ባይጽፈው ይሻለው ነበር።

የመጀመሪያው ችግር በድምፅ አንድ የሆኑት ሆሄያት ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል «ጸ» ወይም «ፀ» ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሐ»፣ «ሓ»፣ «ኀ» ወይም «ኃ»። ሁለት በስድስት ሲባዛ 12 የተለያዩ አጻጻፎች ይገኛሉ። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን 12 የተለያዩ የቁጥር ሰንሰለቶች ናቸው። ስለዚህ በአንዱ አጻጻፍ የሚፈልግ ሰው 11ዱን ያጣቸዋል።

ሁለተኛው ችግር የቃላቱ መነሻና መድረሻ መለዋወጥ ነው። ፈጣን ፍለጋ የሚያደርጉ ሶፍትዌሮች የቃላት ማውጫ አስቀድመው ያዘጋጃሉ፤ ጆፕሊንም እንዲሁ። ማውጫው ቃሉን የሚያውቀው ከመነሻው ነው። «ሕዋስ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ «የሕዋስ»ን ወይም «በሕዋስ»ን አያገኝም፤ ቃላቱ የሚጀምሩት በ«የ» እና በ«በ» ነውና። በመጨረሻ ላይ የኮከብ ምልክት ጨምሮ «ሕዋስ*» ቢልስ? በእንግሊዝኛ ይህ ብዙ ቁጥሩን ጭምር ያስገኛል። በአማርኛ ግን «ሕዋሳት» አይገኝም፤ ምክንያቱም «ስ» ወደ «ሳ» ሲለወጥ ለኮምፒዩተሩ ሌላ ፊደል ሆኗል። ላቲን ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ሲጽፍ የእኛ ፊደል አንድ ላይ ስለሚጽፋቸው የቃሉ የመጨረሻ ፊደል ራሱ ይቀየራል። ስለዚህ አንድ ፊደል ወደ ኋላ ተመልሶ «ሕዋ*» ብሎ መፈለግ ይገባል። ጆፕሊን ከፍለጋው ቃል በፊት ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሰረዝ ሲገባበት ማውጫውን ትቶ ጽሑፉን በሙሉ ስለሚያስስ «የሕዋ…» የሚለውንም ያገኛል፤ ለአማርኛ ይህን መልመድ ይጠቅማል።

ማስታወሻው በጽሑፍ ፋይል የተያዘ ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በእጃችን አለ። በሊኑክስ ላይ የሚገኘው ግሬፕ የተባለው ትእዛዝ በማንኛውም ፎልደር ውስጥ ያሉ ፋይሎችን ሁሉ ያስሳል። የጻፈው ቀደም ብለን ዩቲኤፍ-8ን ስናነሣ የጠቀስነው ኬን ቶምሰን ነው። ግሬፕ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የተዘረዘሩትን ፊደላት እንደ አማራጭ ይወስዳል። እንግዲህ

[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ

ብለን ብንሰጠው 12ቱንም የ«ፀሐይ» አጻጻፎች በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ በቃሉ መነሻ ላይ «የ» ወይም «ከ» ቢኖርም አያግደውም። ለሕዋስም

[ህሕኅ]ዋ[ስሥሳሣሱሡሶሦ]

ማለት ሕዋስን፣ ሕዋሳትን፣ የሕዋሱንና በሕዋሶችን ሁሉ ያጠቃልላል። አንድ ተማሪ በየኮርሱ የሚደጋገሙትን ሃያ ሠላሳ ቁልፍ ቃላት በዚህ መልክ አንድ ጊዜ ጽፎ ቢያስቀምጥ ሁልጊዜ ይገለገልባቸዋል።

ለመጻፍ ደግሞ አይባስ ከተባለው የአጻጻፍ ዘዴ አስተዳዳሪ ጋር ኤም17ኤን የተሰኘው ጥቅል ሲጫን ሴራ በተባለው ሥርዓት አማርኛን በላቲን የቁልፍ ሰሌዳ መተየብ ይቻላል። ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ነፃ ፎንቶች ናቸው።

ቀመርና ሥዕል

የሳይንስ ተማሪ ማስታወሻ ቃላት ብቻ አይደለም። ጆፕሊንና ኦብሲዲያን በላቴክ ሥርዓት የተጻፈን ቀመር ወዲያው አሳምረው ያሳያሉ፤ ዚምም በተጨማሪ መሰኪያ ይህን ያደርጋል። ለነፃ እጅ ሥዕልና በመምህር በተሰጠ የፒዲኤፍ ጽሑፍ ላይ ለመጻፍ ዥርናል ፕላስ ፕላስ ይመረጣል፤ ፋይሉም ሲፈታ የታመቀ ኤክስኤምኤል ሆኖ ይገኛል። ለሌላው ሁሉ በወረቀት ሥሎ በስልክ ካሜራ ማንሣትን የሚንቅ ካለ ጊዜ የተረፈው ነው።

ለማን የትኛው?

አሮጌ ኮምፒዩተር ላለውና የኢንተርኔት አቅርቦቱ ውሱን ለሆነ ተማሪ ዚምን እንመርጣለን። ማስታወሻውን በአንድሮይድ ስልኩም ላይ ማየት ለሚፈልግ ጆፕሊን ይሻላል፤ ዚም የስልክ ሶፍትዌር የለውምና። ግኖት ለአጫጭር ማስታወሻ ይበቃል። ኦርግ ሞድን ፕሮግራም መጻፍ ለሚወድ፣ በተለይም የመመረቂያ ጽሑፉን በላቴክ ለሚያዘጋጅ ሰው እናቀርባለን።

ሆኖም በማንም ምክር ላይ ተመሥርቶ የአንድ ሴሚስተር ሥራን ከማፍሰስ በፊት የአንድ ሰዓት ሙከራ ማድረግ ይገባል። በተመረጠው ሶፍትዌር ሦስት ማስታወሻ ይጻፍ፤ አንደኛው ረጅም የአማርኛ ርዕስ ያለው፣ ሁለተኛው ቀመር የያዘ፣ ሦስተኛው ከሁለቱ ጋር የተያያዘ ይሁን። ሦስተኛው ገና እየተጻፈ ሳለ ሶፍትዌሩ ከሥርዓቱ መቆጣጠሪያ በግዳጅ ይዘጋ፤ ይህ መብራት የጠፋበትን ሁኔታ በከፊል ይመስላል። ተመልሶ ሲከፈት ምን ያህል ዓረፍተ ነገር እንደጎደለ ይመዝገብ። ቀጥሎ «ፀሐይ»ን በሁለት አጻጻፍ አስገብቶ የፍለጋውን ውጤት መመልከት ነው። በመጨረሻም ፋይሎቹ በፍላሽ ተገልብጠው ያ ሶፍትዌር ወዳልተጫነበት ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ይወሰዱና በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ይከፈቱ፤ የመረጃ ቋት ከሆነም መጀመሪያ ወደ ማርክዳውን ወጥተው ይሁን። ማስታወሻዎቹን ያልጻፈ የክፍል ጓደኛ እንዲያነባቸው ይጠየቅ፤ ርዕሱን፣ ቀመሩንና የትኛው ገጽ ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ ያለ ማብራሪያ ለይቶ ከተናገረ ሶፍትዌሩ ፈተናውን አልፏል።